የከዚራ በረንዳና የዴልሂ ዜና፦ ስለ ኤንዲቲቪ ኢንዲያ እና ስለ ቅጣቱ

ድሬዳዋ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኒው ዴልሂ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህ የሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት ለዓመታት ተመችቶኝ ኖሯል፤ የሕንድ የዜና ጣቢያዎች ዋናውን የምሽት ዝግጅታቸውን የሚያቀርቡበት ሰዓት እኛ ዘንድ ሙቀቱ መብረድ የሚጀምርበት፣ የከዚራ ዛፎች ነፋስ የሚቀበሉበት፣ ሰውም ወንበሩን ወደ በረንዳ የሚያወጣበት ሰዓት ነውና። በዚያ ሰዓት ስልኬን ከሻይ ፔርሙሱ ጋር አስደግፌ ኤንዲቲቪ ኢንዲያ የተባለውን የሂንዲ ዜና ጣቢያ ስከታተል ብዙ ምሽት አሳልፌአለሁ። ጣቢያው በአገሩ መንግሥት ለአንድ ቀን እንዲዘጋ የታዘዘበትን ጊዜም፣ ባለቤት የቀየረበትንም ጊዜ ያየሁት ከዚያው በረንዳ ሆኜ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቋንቋው ላስቀድም። ሂንዲን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። እንደ ብዙው የድሬና የሐረር ልጅ መነሻዬ የሕንድ ፊልም ነው። በኋላ እንደ ዚ አፍላም ያሉ ጣቢያዎች ፊልሞቹን ከግርጌ የዐረብኛ ትርጉም እየጻፉ በዲሽ ሲያስገቡልን፣ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን የማስተያየት ዕድል አገኘ። የጎደለውን የሞሉልኝ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መጥተው አጠገቤ ተከራይተው የኖሩ አንድ ሕንዳዊ መምህር ናቸው፤ ዜና የመከታተሉንም ልማድ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው የሂንዲ ዜና ሲሰማ ጨርሶ ባዕድ አይሆንበትም። «ኸበር» ዜና ነው፤ «ሰዋል» ጥያቄ፣ «ጀዋብ» መልስ፣ «ዱኒያ» ዓለም፣ «ሁኩመት» መንግሥት፣ «አዳለት» ፍርድ ቤት ነው። መጋላ ገበያ ውስጥ ዐረብኛና ሱማሌኛ እየሰማ ላደገ ጆሮ ግማሹ መንገድ አስቀድሞ ተጠርጎለታል ማለት ይቻላል። የሚያስቸግረው ከሳንስክሪት የተቀዳው የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን «ፕራዳን ማንትሪ» ማለታቸውን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ባይወስድም፣ የሕግና የበጀት ዜና ሲመጣ ግን ሁልጊዜ የመምህሩን እርዳታ እጠይቅ ነበር።

ጣቢያውን በዲሽ ለማግኘት ያደረግሁት ሙከራ አልተሳካም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ዲሽ ገጣጣሚ «የሕንድ ዜና በሙሉ ይገባልሃል» ብሎ ሁለት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ኤልኤንቢ (የዲሹን ምልክት ተቀባይ ራስ) ቀየረ፤ ሪሲቨሩን እንደ አዲስ አስፈለገ፤ በመጨረሻ የገባልኝ ግን የፊልምና የተከታታይ ድራማ ጣቢያ ብቻ ነው። ገንዘቡን ከፈልኩ፤ ዜናውን ግን ያገኘሁት በዩቲዩብ የቀጥታ ስርጭት ነው፤ እሱም ከኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ በቀር ሌላ ክፍያ የለውም። ለዚህ ሲባል ጣሪያ ላይ ሰው ማውጣት አያስፈልግም።

ኤንዲቲቪን በ1980ዎቹ የመሠረቱት ፕራኖይ ሮይና ባለቤቱ ራዲካ ሮይ ሲሆኑ፣ የሂንዲው ጣቢያ ኤንዲቲቪ ኢንዲያ ሥራ የጀመረው በ2003 ነው። እኔን ከጣቢያው ጋር ያቆራኘኝ ግን አንድ ሰውና አንድ ዝግጅት ነው። ሰውየው የቢሃር ክፍለ አገር ተወላጅ የሆነው ራቪሽ ኩማር ነው፤ በ1996 ወደ ድርጅቱ ሲገባ ሥራው ከተመልካቾች የሚመጡ ደብዳቤዎችን መለየት ነበር። ዝግጅቱ «ፕራይም ታይም» ይባላል። የሂንዲ የምሽት ዜና ማለት አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ተከፋፍሎ፣ በየሳጥኑ አንድ ተከራካሪ ተቀምጦ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጮኽበት፣ ከታች ቀይ ጽሑፍ የሚሮጥበት፣ አቅራቢው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጮኽበት ትርዒት ነው። ራቪሽ ኩማር በዚህ መሐል ብቻውን ተቀምጦ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ የራሱን ጥያቄ ራሱ እያፍታታ ረጅም መግቢያ ያነብ ነበር። ቋንቋው የመንደር ሰው የሚረዳው ሂንዲ ስለሆነ፣ እኔም መምህሩን ሳልጠራ የምጨርሰው ብቸኛ የዜና ዝግጅት እሱ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጬ የምመክረው ስለ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በተከታታይ ያቀረበውን ነው። የመንግሥት ሥራ ፈተና ተፈትነው ውጤት የሚጠብቁ፣ ውጤቱ ወጥቶ የቅጥር ደብዳቤ የሚጠብቁ፣ ደብዳቤው መጥቶ የሥራ መጀመሪያ ቀን የሚጠብቁ ወጣቶች ወረቀታቸውን ይዘው ካሜራ ፊት ይቆማሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ስለ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሠራው ተከታታይ ዘገባም እንዲሁ በአንድ ጉዳይ ላይ ሳምንት ከሳምንት የሚመለስ ነበር። ሳቢያን አካባቢ ዲግሪዋን በላስቲክ አድርጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ የምታነብ ልጅ ላየ ሰው ይህ የሩቅ አገር ዜና አይደለም። አንድ ጉዳይ ይዞ መቆየት በቴሌቪዥን ውድ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ከዚህ ሰው ነው፤ በ2019 የእስያ ኖቤል የሚባለው የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ሲሰጠው በከዚራ በረንዳችን ላይ ሻይ የጋበዝኩት እኔ ነበርኩ።

አንድ ምሽት ደግሞ አለ የማልረሳው። በየካቲት 2016 ያቀረበውን ክፍል፣ ከቆየ በኋላ ቅጂውን አግኝቼ፣ የጎረቤት ልጆች የቤታቸውን ትልቅ ቴሌቪዥን ከስልኬ ጋር አገናኝተውልኝ አብረን እያየን ነበር። በመሐል ስክሪኑ በድንገት ጠቆረ። ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ ገመዱን ያዘ፤ ሌላው «አቦ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለ። መብራቱ ግን አልሄደም፤ ድምፁ እየመጣ ነው። ጋዜጠኛው ሆነ ብሎ ምስሉን አጥፍቶ፣ በዚያ ሰሞን በየጣቢያው የተጮኸውን የአቅራቢዎችና የተከራካሪዎች ጩኸት ብቻ በጨለማ ውስጥ እያሰማ፣ ይህ ጨለማ የዛሬው ቴሌቪዥን ምስል ነው ይል ነበር። ምስሉ ሲወሰድበት ያ ጩኸት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ሂንዲ የማይችሉት ልጆች እንኳ ገባቸው። ድሬዳዋ ላይ ስክሪን ሲጨልም የመጀመሪያው ጥርጣሬ መብራት ኃይል ላይ መሆኑ ደግሞ የእኛው ድርሻ ነው።

ወደ ቅጣቱ ስመጣ መነሻውን ከ2008 መውሰድ ግድ ይሆናል። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ታጣቂዎች ሙምባይ ከተማ ውስጥ ሆቴሎችንና የባቡር ጣቢያን ጨምሮ በርካታ ቦታዎችን ሲያጠቁ፣ የሕንድ ጣቢያዎች ወታደሮች ከሄሊኮፕተር ሲወርዱና ሕንፃዎቹን ሲከብቡ ሳይቀር በቀጥታ አስተላለፉ። ጥቃቱን ከፓኪስታን ሆነው በስልክ ይመሩ የነበሩት ሰዎች ይህንኑ ስርጭት እያዩ ትዕዛዝ ይሰጡ ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በሕይወት በተያዘው አጥቂ ላይ የተላለፈውን ፍርድ ሲያጸና፣ ጣቢያዎቹ የጸጥታ ኃይሎችን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጣቸውን በጽኑ ነቅፏል። በ2015 የኬብል ቴሌቪዥን ደንቡ ተሻሽሎ፣ የጸረ ሽብር ዘመቻ እስኪጠናቀቅ ድረስ የቀጥታ ዘገባ ክልክል እንዲሆን፣ መግለጫም መንግሥት በመደበው ባለሥልጣን በየጊዜው ከሚሰጠው እንዳያልፍ የተደነገገው ከዚህ በኋላ ነው። ደንቡ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ተገቢ ምክንያት ነበረው።

በቀጥታ ስርጭት ጉዳይ ግን እኔ ራሴ ሙሉ በሙሉ ከአንድ ወገን መቆም አልችልም። በሐምሌ 2006 በሐሪያና ክፍለ አገር አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጠባብ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ 18 ሜትር ጥልቀት ላይ ሁለት ቀን ያህል ቆይቶ በወታደሮች ጥረት ሲወጣ፣ የሂንዲ ጣቢያዎች ሌላውን ዜና ሁሉ ትተው ጉድጓዱን ብቻ ሲያሳዩ ነበር። ካሜራ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የልጁን እንቅስቃሴ ያሳያል፤ አገሩ በሙሉ ይጸልያል። ይህ ዘገባ ያለ ልክ የተለጠጠ ዜና ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ልጁ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ጠረገ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ሌሊት አንድም ካሜራ አልነበረም። ያለነው ሰዎች የሆነውን የሰማነው ከጩኸቱ፣ ከዚያም ከሰው አፍ፣ ቆይቶም ከሬዲዮ ነው። መምህሩ የጉድጓዱን ዘገባ እንደ ሐፍረት ሲያወሩኝ፣ እኔ ግን በልቤ ያሰብኩት ካሜራ የበዛበት አገር ችግር ካሜራ ከሌለበት አገር ችግር ይሻላል የሚል ነበር። ለሙምባዩ ጥፋት ግን ይህ ሐሳቤ አይሠራም፤ እዚያ ካሜራው ራሱ ለገዳዩ ዓይን ሆኖት ነበርና።

በጥር 2016 ፓታንኮት በሚገኘው የሕንድ አየር ኃይል ሰፈር ላይ ጥቃት ሲደርስ፣ ኤንዲቲቪ ኢንዲያ በጥቂት ደቂቃዎች ዘገባው ውስጥ ስለ ሰፈሩ ይዞታ፣ ስለ ተዋጊ አውሮፕላኖቹና ስለ ጥይት ማከማቻው ስልታዊ ምስጢር አውጥቷል ተብሎ ተከሰሰ። ከተለያዩ ሚኒስቴሮች የተውጣጣ ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶ ሐሳብ አቀረበ፤ በኅዳር ወር መጀመሪያ የማስታወቂያና ብሮድካስት ሚኒስቴር ጣቢያው ከኅዳር 9 ቀን 2016 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ለ24 ሰዓት ስርጭቱን እንዲያቋርጥ አዘዘ። በ2015 በተጨመረው አንቀጽ መሠረት እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ጣቢያው የመለሰው መልስ አጭር ነው፤ የተናገርኩት ሁሉ በጋዜጦችና በሌሎች ጣቢያዎች አስቀድሞ የወጣ ነው፣ ታዲያ ለምን እኔ ብቻ? አለ። የሕንድ አርታኢያን ማኅበር ትዕዛዙን ከ1975 እስከ 1977 ከነበረው የአስቸኳይ ጊዜ ዘመን ጋር አመሳሰለው።

እኔ ይህን ትዕዛዝ ስመዝን ሁለት ነገር እለያለሁ። የደንቡ ዓላማ ትክክል ነው፤ ከሙምባይ በኋላ ይህን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። አፈጻጸሙ ግን ከዓላማው ጋር አይገጥምም። ጥፋቱ የተፈጸመው በጥር ነው ተብሎ ቅጣቱ በኅዳር ሲመጣ፣ የሚያድነው ወታደርም የሚያከሽፈው ጥቃትም አይኖርም። ከዚህም በላይ ወሳኙ ሚኒስቴሩ ራሱ ነው፤ ከሳሽም ዳኛም አስፈጻሚም መንግሥት ሆነ። ሕንድ በዜና ይዘት ላይ የሚወስን፣ በሕግ የተቋቋመና ከሚኒስቴር የተለየ ተቆጣጣሪ የላትም፤ ያላት በ1995 የወጣው የኬብል ቴሌቪዥን ሕግና የሚኒስቴሩ ፈቃድ ነው። (እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት የሚሠራ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አለ፤ ሁለቱን አወቃቀሮች ማነጻጸር ለሕግ ተማሪ ጥሩ የቤት ሥራ ይሆናል፤ እኔ እዚህ አልገባበትም።)

ትዕዛዙ በተሰማ ማግስት፣ ኅዳር 4 ቀን፣ ራቪሽ ኩማር ያቀረበው ዝግጅት ጣቢያውን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ነው። ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ፣ ቃል የማይናገሩ ሁለት የምልክት ተዋንያን አስቀመጠ፤ አንዱ ሥልጣን ነው፣ ሌላው ስለ ሥልጣን ሲል ጠያቂውን የሚሳደብ አጫፋሪ። እሱ በተለመደው ለስላሳ ድምፁ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እነሱ በእጃቸው ይቆጣሉ፣ ያፌዛሉ፣ ጣታቸውን ይቀስራሉ፣ መልስ ግን የለም። ጥያቄ መጠየቅ ካልተቻለ ጋዜጠኛ ምን ይሠራል የሚለውን ነገር አንድም ጊዜ ሳይጮኽ አሳየ። ሂንዲ ለማይሰማው ተመልካችም ቢሆን ግማሹ ያለ ቃል የሚያልፍ ስለሆነ ያለ አስተርጓሚ ሊታይ ይችላል።

ጣቢያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለ፤ ሚኒስቴሩም ኅዳር 7 ቀን ትዕዛዙን ለጊዜው አገደው። ስለዚህ በኅዳር 9 ስክሪኑ አልጨለመም። በዋዜማው ምሽት የሕንድ መንግሥት የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶችን ከገበያ ማውጣቱን በድንገት አውጆ ነበርና፣ ትዕዛዙ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ኤንዲቲቪ ኢንዲያ ዝም የሚለው አገሩ በሙሉ ስለ ገንዘቡ ዜና በሚፈልግበት በዚያው ቀን ይሆን ነበር። በተከተሉት ቀናት አንዳንድ የሂንዲ ጣቢያዎች አዲሱ የ2000 ሩፒ ኖት ውስጥ በሳተላይት የሚከታተል ቺፕ አለ ብለው በትልቁ ዘገቡ፤ ነገሩ መሠረት የሌለው ወሬ ነበር። በዚያ ምክንያት አንድ ጣቢያ ለአንድ ሰዓት እንኳ ከአየር እንዲወርድ ሲታዘዝ አልሰማሁም።

ጥፋትና ቅጣት በሂንዲ ዜና ዓለም አለመመጣጠናቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በ2007 ላይቭ ኢንዲያ የተባለ ጣቢያ አንዲት የዴልሂ መምህርትን ተማሪዎቿን ለዝሙት ታቀርባለች ብሎ በድብቅ ካሜራ የተቀረጸ ምስል አሳየ፤ ሕዝብ ትምህርት ቤቷን ወረረ፣ ልብሷን ቀደደ። ቀረጻው የተቀነባበረ ሆኖ ተገኘ፤ ጣቢያው ለአንድ ወር ተዘጋ። ይህኛው ቅጣት ከጥፋቱ ጋር የሚቀራረብ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የዜና ጣቢያዎቹ መንግሥት ከሚቀጣን ራሳችንን እንቅጣ ብለው በ2008 በጡረታ ዳኛ የሚመራ የራሳቸውን የአቤቱታ አካል አቋቋሙ። የዚህ አካል ትልቁ የገንዘብ ቅጣት 1 ላክ ሩፒ፣ ማለትም 100,000 ሩፒ ነበር። በ2009 ኢንዲያ ቲቪ ከሌላ ድርጅት የተወሰደን ቃለ ምልልስ አዛብቶ አቅርቧል ተብሎ ይህን ያህል ሲቀጣ፣ ቅጣቱን ከመክፈል ይልቅ ማኅበሩን ጥሎ ወጣ፤ የተመለሰው ቆይቶ ነው። በ2020 አጅ ታክ የተባለው የሂንዲ ጣቢያ በሞት የተለየ አንድ ተዋናይ ጽፏቸዋል ያላቸው የትዊተር መልእክቶች ሐሰተኛ ሆነው ሲገኙ ያው 1 ላክ ተፈረደበት፣ ይቅርታም በአየር እንዲጠይቅ ታዘዘ። በ2023 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ይህ መጠን ማንን ያስፈራል፣ ቅጣት ከዝግጅቱ ከተገኘው ትርፍ ጋር መመጣጠን አይኖርበትም ወይ የሚል ጥያቄ ማንሣታቸው ትክክል ነበር። ለአንድ ትልቅ ጣቢያ 100,000 ሩፒ ማለት የአንድ ማስታወቂያ ሽርፍራፊ ነው።

የሚገርመው፣ በሂንዲ ጣቢያ ላይ ከተጣሉ ቅጣቶች እኔ የማውቀው ከባዱ የገንዘብ ቅጣት የመጣው ከዴልሂ ሳይሆን ከለንደን ነው። በመስከረም 2019 ሪፐብሊክ ባራት የተባለው ጣቢያ በሕንድ የጨረቃ ጉዞ ሙከራ ላይ ባካሄደው ክርክር ስለ ፓኪስታን ሰዎች የተነገረው የጥላቻ ንግግር ነው ብሎ፣ የብሪታንያው ተቆጣጣሪ ኦፍኮም በታኅሣሥ 2020 የስርጭት ፈቃድ የያዘውን ድርጅት 20,000 ፓውንድ ቀጣው፤ የውሳኔውን ማጠቃለያም በራሱ ጣቢያ እንዲያነብ አዘዘው። ያው ዝግጅት፣ ያው ቋንቋ፣ ያው አቅራቢ፤ የተለየው ተቆጣጣሪው ከሚኒስትር ቢሮ ውጭ መቀመጡና ውሳኔውን ከነምክንያቱ አትሞ ማውጣቱ ነው።

ጩኸቱ ለምን እንደማይበርድ ለሚጠይቅ፣ መልሱ በከፊል የተመልካች ቆጠራው ውስጥ ይገኛል። በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ተመልካች የሚደረገው ቆጠራ በ2020 ገደማ የሚመሠረተው መለኪያ መሣሪያ በተተከለባቸው 44,000 ያህል ቤቶች ላይ ነበር፤ የማስታወቂያ ገንዘብም የሚፈሰው ያንን ቁጥር እየተከተለ ነው። በጥቅምት 2020 የሙምባይ ፖሊስ አንዳንድ ቤቶች ጉቦ እየተሰጣቸው ጣቢያ ሳይዘጉ እንዲያውሉ ይደረጋል ብሎ ምርመራ ሲከፍት፣ ለዜና ጣቢያዎች የሚወጣው ሳምንታዊ ቁጥር ተቋረጠ፤ እንደገና የጀመረው በመጋቢት 2022 ነው። ቁጥሩ በጠፋበት በዚያ ዓመት ተኩል ጩኸቱ ይቀንሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከበረንዳዬ ሆኜ ያስተዋልኩት ለውጥ የለም።

የኤንዲቲቪ ዋናው ለውጥ የመጣው ግን ከብሮድካስት ደንብ በኩል አልነበረም። መሥራቾቹ በ2009 የተበደሩት ከ4 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የሆነ ብድር ነበር፤ ወለድ የማይከፈልበት ይህ ብድር አበዳሪው በፈለገ ጊዜ ወደ አክሲዮን ሊለውጠው የሚችል መብት ነበረው። በነሐሴ 2022 የሕንዳዊው ቱጃር የጋውታም አዳኒ ኩባንያ አበዳሪውን ድርጅት በመግዛት በዚያ መብት ተጠቀመ፤ መሥራቾቹ ሳንጠየቅና ሳንስማማ የተደረገ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ ከድርሻቸው አብዛኛውን ሸጠው ወጡ፣ የአዳኒ ድርሻም ከ64 በመቶ አለፈ። ራቪሽ ኩማር ኅዳር 30 ቀን 2022 ሥራውን ለቀቀ። በ2017 የመሥራቾቹ ባልና ሚስት ቤት በፌደራል መርማሪዎች ተፈትሾ የነበረበት የባንክ ብድር ክስ ደግሞ በ2024 ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ እንዲዘጋ ተጠየቀ፤ ይህ ሲሆን ጣቢያው ከእጃቸው ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። የአንድ ቀን መዝጊያ ትዕዛዝ አደባባይ ወጥቶ፣ ማኅበራት ተቃውመውት፣ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ታገደ። የአክሲዮን ዝውውሩ ግን በወረቀት፣ በሕግ አግባብ፣ ያለ አንድ ደቂቃ ጨለማ ተጠናቀቀ።

ታዲያ ዛሬ ይታይ ወይስ አይታይ? ኤንዲቲቪ ኢንዲያ አሁንም ሥራ ላይ ነው፤ የቀጥታ ስርጭቱም በነጻ ይገኛል። የምርጫ ውጤት ሲቆጠር፣ የፓርላማ በጀት ሲቀርብ፣ ወይም አንድ ትልቅ ነገር ሲደርስ ጠዋት ላይ ከፍቶ ለሰዓት ያህል መከታተል ሂንዲን ለመለማመድም አገሩን ለማወቅም ይጠቅማል። ሂንዲ የሚጻፍበትን የዴቫናጋሪ ፊደል የማያነብ ሰው ከግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ ስለሚያመልጠው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማዳመጥ አለበት። የምሽቱን ክርክር ለጀማሪ አልመክርም፤ ይህን የምለው ስለ አንድ ጣቢያ ሳይሆን ስለ ሂንዲ ጣቢያዎች ሁሉ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ቋንቋው የሚገባው ለባለቤቶቹም አይመስለኝም። የቆዩትን የሥራ ፈላጊዎች ዘገባዎች፣ የጨለማውን ስክሪንና የኅዳር 4ቱን ዝግጅት ግን ቅጂያቸውን ፈልጎ ማየት ለማንም የሚጠቅም ነው፤ የእኔ ከፍተኛ ግምት ለዚያ ዘመን ነው፣ የዛሬውንም የምለካው በዚያው ነው።

ራቪሽ ኩማር ዛሬ በራሱ የዩቲዩብ ገጽ ላይ፣ ያለ ስቱዲዮ ግርማ፣ ያንኑ ረጅም መግቢያ ያቀርባል። የኬብል ደንቡም የጣቢያዎቹ ማኅበርም እዚያ አይደርሱም፤ በኅዳር 2023 የቀረበው አዲስ የብሮድካስት ረቂቅ ሕግ ወደ ዲጂታሉም የሚዘልቅ ነበር፣ ሚኒስቴሩ ግን የተሻሻለውን ቅጂ በነሐሴ 2024 መልሶ ወስዶታል። ዝግጅቱ ቋሚ ሰዓት ስለሌለው አሁን ወንበሬን ወደ በረንዳ ሳወጣ 12 ሰዓት ተኩልን አልጠብቅም፤ ሲጭን አየዋለሁ፤ መምህሩም ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ያልገባኝን ቃል በስልክ ጽፌ እልክላቸዋለሁ፣ ሲመቻቸው ይመልሱልኛል።